ዓለምን ለአርብ ገበያ ያሰሙ የነበሩት የአቶ ይርዳው ባዩ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይርዳው ባዩ ከአባታቸው ከአቶ ባዩ ጓንጉልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ አየነው፣ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በጋይንት አውራጃ፣ ከቤተ ልሔም ደብር ዝቅ ብላ በምትገኘው መንደር በ1903 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው «ገብሱ ለእሸት ሲደርስ ነው» ከማለት በቀር ቆጥረው አላቆዩልንምና እኛም ከራሳችን አልጨመርንበትም።

ወገኖቼ፣ ለአርባቸው ከስማዳም ከእስቴም ገስግሳችሁ የመጣችሁ አላችሁ። እግራችሁ እንደ ዛለ እናውቃለን። ጥላ ያገኘ ይቀመጥ፤ ሕፃን የታቀፈች ትጠጋ። ታሪኩ ትንሽ ይረዝማል፤ የሰውየውም ኑሮ አጭር አልነበረም።

አቶ ይርዳው ለትምህርት ሲደርሱ ቤተ ልሔም ገብተው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። ቤተ ልሔም ተወልዶ ድጓ አለመማር ምንጭ ዳር ተቀምጦ እንደ መጠማት ነውና ዜማም ጀምረው ነበር። ድምፃቸው ግን ትልቅ ነበር እንጂ ታዛዥ አልነበረም፤ ዝቅ በል ሲሉት ይወጣል፣ ውጣ ሲሉት ይሰነጠቃል። የኔታ ታግሠው ታግሠው በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ይህ ጉሮሮ ለማኅሌት አልተሠራም፤ ከማዶ ማዶ ለመጣራት ነው የተሠራው። እግዚአብሔር ሥራ አያሳጣው» ብለው መርቀው ሸኟቸው። ምርቃቱም ደረሰ።

ከዚያ በኋላ በአባታቸው ርስት ላይ እያረሱ፣ በበጋው ደግሞ ከደብረ ታቦር ጨውና አቡጀዲ እየጫኑ በአርብ ገበያ ይነግዱ ጀመር። በጠላት ወረራ ዘመን ወደ ስማዳ ቆላ ወርደው ከአርበኞች ጋር ከረሙ። ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ያ ድምፅ ነበር። ከገደል አፋፍ ቆመው «ጥጃዋ ወደ ወንዝ ወርዳለች፣ መልሱ!» ብለው ሲጣሩ፣ ማዶ ያለው ወገን ጠላት በየት በኩል እንደመጣ ያውቅ ነበር። ስንት ሰው በዚያ ጥሪ ነፍሱ እንደተረፈች ዛሬ እዚህ የቆሙት አዛውንት ይመሰክራሉ።

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለላ አድማሱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ወይዘሮ ዓለምጸሐይን፣ አቶ ወልደማርያምንና ወይዘሮ ውባለምን አፈሩ። የአውራጃው ግዛት አዋጅ ሲልክ በአርብ ገበያ ሾላ ሥር ቆሞ የሚያሰማው ማን ይሁን ሲባል ሌላ ሰው አልተጠራም።

በ1937 ዓ.ም. ጎረቤታቸው ወይዘሮ ታንጉት ማሞ ወንድ ልጅ ወለዱ። አቶ ይርዳው ክርስትና አነሱት፤ ስሙም ቀለመ ወርቅ ተባለ። ልጁ ገና ድክ ድክ ሲል አባቱ በተስቦ ሞተ። ወይዘሮ ታንጉት ከዚያ ወዲያ ባል አላገቡም፤ ልጅም አልጨመሩም። ያንኑ ልጅ እያዩ ኖሩ። እሳቸውም አቶ ይርዳውን «አበልጄ»፣ አቶ ይርዳውም እሳቸውን «አበልጄ» እየተባባሉ በአንድ አጥር ሁለት ቤት ሆነው ቆዩ። የወይዘሮ ታንጉትን ማሳ ያርስ የነበረው የአቶ ይርዳው ጥማድ ነው፤ የአቶ ይርዳውን ልጆች ከትክትክ ያዳኑት የወይዘሮ ታንጉት እጆች ናቸው።

በ1954 ዓ.ም. አቶ ይርዳው ጎንደር ወርደው ከአንድ የመናዊ ሱቅ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ገዝተው ተመለሱ። የሄዱት በበቅሎ ነበር፤ የመጡት በእግራቸው ነው። ወይዘሮ ወለላ ደጃፉ ላይ ቆመው አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ባላቸውን አዩና፣ «ሰው በቅሎ ሸጦ በሬ ይገዛል፤ የኔ ባል በቅሎ ሸጦ ለፍላፊ ገዛ። ለዚህ ቤት አንድ ለፍላፊ አይበቃም ኖሯል?» አሉ። አመሻሹ ላይ ግን ሣጥኑ ተከፍቶ አንድ ሰው በለሰለሰ ድምፅ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ወይዘሮ ወለላ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አመሸህ» ብለው መለሱ። ለብዙ ጊዜም እንደዚያው ይመልሱ ነበር። እንግዳ ሰላም ሲል ዝም አይባልም ብለው ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው አቶ ይርዳው በዚህ አገር የታወቁት። ማታ ማታ የሰሙትን በልባቸው ይይዙና ዓርብ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሰው አህያውን ከመጫኑ በፊት፣ ሾላው ሥር ይቆማሉ። ሰውም ቀድሞ «ይርዳው፣ ዓለም እንዴት ሰነበተች?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ልክ እንደ አዋጁ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ብለው ይጀምራሉ።

ስንቱን አሰሙን! በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው አንድ ማኅበር እንዳቆሙ ሲናገሩ፣ ከኋላ የቆመ አንድ ገበሬ፣ «መልካም፣ የሚቀጥለው ድግስ ተራው የማን ነው?» ብሎ ገበያውን አሣቀው። የቡና ዋጋ በባሕር ማዶ መውደቁን ሲያሰሙ፣ «የኛ ምስርስ ስሟ አልተነሣም?» የሚል አይጠፋም ነበር። በ1960 ዓ.ም. ሐኪሞች የሞተ ሰው ልብ አውጥተው ለሕመምተኛ እንደ ተከሉ ሲናገሩ ደግሞ መምሬ ተክለ ሃይማኖት፣ የነፍስ አባታቸው፣ በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ ነካ አድርገው፣ «ቆይ እንጂ ይርዳው፤ ያ ልብ ያሰበውን ኃጢአት ንስሐ የሚገባው የትኛው ሰውዬ ነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ይርዳው ብዙ አሰቡና፣ «አባቴ፣ እሱን ሬዲዮው አልተናገረም» አሉ። በ1961 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሰዎች ጨረቃን ረገጡ ሲሉማ አንዲት ጠላ ሻጭ፣ «አይዋሹ! በሐምሌ ጨረቃ በየት ታይታ?» ብለው ሰማዩን አሳዩ። ሰማዩም እውነትም እንደ ድስት ክዳን ጠቁሮ ነበር።

አቶ ይርዳው ያልሰሙትን አይጨምሩም፤ የሰሙትንም አይቀንሱም። ይህ መታወቂያቸው ነበር። «የአቶ ይርዳው ወሬ» ከተባለ የታመነ ማለት ነው።

ቀለመ ወርቅ ዳዊት ከደገመ በኋላ በክርስትና አባቱ ርዳታ ደብረ ታቦር ገብቶ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማረ። እናቱ ወደ ቤተ ልሔም ተመልሶ ድጓውን እንዲይዝላቸው ስለት ነበረባቸው። በ1956 ዓ.ም. ግን ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች ለስልክ ሥራ ትምህርት እንደሚፈለጉ በሬዲዮ ተነገረ። አቶ ይርዳው ይህን ሰምተው ዓርብን እንኳ አልጠበቁም፤ ያኑ ዕለት አጥሩን ተሻግረው ወይዘሮ ታንጉት ዘንድ ገቡ።

ወይዘሮ ታንጉት «አንድ ዓይን ነው ያለኝ አበልጄ። እሱን ለአዲስ አበባ አውሼ በምን አያለሁ?» አሉ።

አቶ ይርዳውም፣ «ዓለሙ በዚያ በኩል ነው የሚሄደው፤ ልጁ ብሩህ ነው፤ አጥር ውስጥ አናስቀረው» ሲሉ ለመኗቸው። ቀጥለውም፣ «እኔ አለሁ አይደል? ስለዚህ ልጅ የሚመጣውን ነገር ሁሉ ከኔ በፊት የሚነግርሽ ሰው አይኖርም» አሉ።

«ክፉም ቢሆን?»

«ክፉም ቢሆን።»

በዚህ ቃል ልጁ ሄደ። ተማረም፣ ሠራተኛም ሆነ። ከአገር አገር እየዞረ የስልክ ገመድ ይዘረጋ ነበር። ለፋሲካ እየመጣ እናቱን ይጠይቃል፤ አንዱን ዓመት ጃንጥላ፣ አንዱን ዓመት ሸማ ይዞላቸው ይመጣል። በተቀረው ጊዜ ወይዘሮ ታንጉት ዓርብ ዓርብ ሾላው ሥር ከፊት ተቀምጠው ወሬ ይሰማሉ። ስለ ልጃቸው የሚነገር እንደሌለ ያውቃሉ። ግን አዲስ አበባ ስትጠራ ፊታቸው ይበራ ነበር፤ ልጄ ያለበት አገር ደኅና ናት ማለት ነው ይላሉ።

ወገኖቼ፣ አሁን የምናነበው ይከብዳል። የሚመለከታቸው እናት እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል። እንዳይቀር ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

በ1963 ዓ.ም. በወርሃ ጥቅምት መጨረሻ፣ ምሽት ላይ፣ ሬዲዮው የሐዘን ማስታወቂያ ሲያሰማ ትውልዱ ጋይንት የሆነ ቀለመ ወርቅ የተባለ የስልክ ሠራተኛ ቆላ አገር ለሥራ እንደወጣ በወባ መሞቱን ተናገረ። አቶ ይርዳው ሬዲዮውን ዘጉት። ወይዘሮ ወለላ «ምነው ዘጋኸው?» ቢሏቸው «የባትሪ ድንጋዩ አለቀ» አሉ። ያልሆነውን ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው።

ተነሥተው ወጡ። አጥሩ ድረስ ሄዱ። በውስጥ ወይዘሮ ታንጉት ጥጥ እየፈተሉ ያንጎራጉራሉ፤ ይሰማል። እዚያ ቆሙ። ያገራችንን ወግ ታውቃላችሁ። ሰውን ለብቻው፣ በጨለማ፣ እንዲሁ በአፍ መርዶ አይነግሩትም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ይመታል። ሐዘንተኛው ገና ሰውን በደጁ ሲያይ ልቡ ያውቃል፤ ሲወድቅም የሚይዘው እጅ አለው። አቶ ይርዳው ይህን አስበው ተመለሱ።

በማግስቱ ስማዳ ወርደው የወይዘሮ ታንጉትን ወንድም አቶ ዳኘው ማሞን ይዘው መጡ። መምሬ ተክለ ሃይማኖት ቤት ተቀመጡ። አቶ ዳኘው አልቅሰው ሲያበቁ፣ «እህቴ ብቻዋን ናት። ገብሷ ማሳ ላይ ደርቆ ቆሟል። ዛሬ ብናረዳት ማን ያጭድላታል? ልጇንም እህሏንም ባንድ ጊዜ እንቅበር? እህሏ ይግባ፤ ያን ጊዜ ትወቅ» አሉ።

አቶ ይርዳው «እኔ ግን ቃል አለብኝ» አሉ።

መምሬም፣ «ቃልህ የትም አይሄድም። የምትነግራት አንተው ነህ። ወጉን ጠብቀህ ትነግራታለህ» ብለው አጽናኗቸው። የመከሩት ሰዎች ክፉ አልመከሩም፤ ከኛ ማንም በቦታቸው ቢሆን እንደዚያው ይመክር ነበር።

ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ደቦ ተጠራ። መንደሩ በሹክሹክታ ሰምቶ ኖሮ በጠዋት ነቅሎ ወጣ። የታመመው እንኳ ማጭድ ይዞ መጣ። ወይዘሮ ታንጉት ከቤታቸው ወጥተው ያን ሁሉ ሰው ማሳቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያዩ ደነገጡ። «ከመቼ ወዲህ ነው ለመበለት ማሳ ይህ ሁሉ ማጭድ የሚወጣው? ምን ታይቷችሁ ነው?» አሉ።

አንዱ ቀና ሳይል «ዝናቡ እንዳይቀድመን ብለን ነው፣ እማማ» አለ።

«በኅዳር? የምን ዝናብ?»

ሰዉ ማጨዱን ቀጠለ። ወይዘሮ ታንጉት ፊት ለፊት የሚያየኝ ሰው ጠፋ ብለው ትንሽ አሰቡና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ገባኝ! ልጄ ሊመጣ ነው! ሚስት ይዞ ነው አይደል? አበልጄ ናቸው አትንገሯት ብለው ያስጠነቀቋችሁ!» አሉ። ዝምታውን እሺ ብለው ወሰዱት። እየሮጡ ገቡና ያላቸውን ጠላ ሁሉ አወጡ። ሰውም አንገቱን ደፍቶ ጠጣ። እንደዚያ ቀን ጠላ የመረረው ደቦ በዚህ አገር አልታየም።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ታንጉት ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ ለቀለቁ፤ የፈተሉትን ጥጥ ለሸማኔ ሰጡ፤ ለድግሱ ጌሾ አሰጡ። ዓርብም መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ያን ሰሞን በፓኪስታን አገር የባሕር ማዕበል ተነሥቶ ቁጥሩ ያልታወቀ ሕዝብ ማለቁ ይነገር ነበር። አቶ ይርዳው ያንን እያሰሙ ዓይናቸው ወይዘሮ ታንጉት ላይ ሲያርፍ ቃል ይጠፋባቸው ነበር። ሰው ሲበተን ወይዘሮ ታንጉት ጠጋ ብለው፣ «አበልጄ፣ አፍዎ ስለ ባሕር ያወራል፤ ፊትዎ ግን ሌላ ነገር ይዟል። ግድ የለም፣ አልጠይቅም። ደስታን መደበቅም ደግ ነው» አሏቸው። አቶ ይርዳው ያን ዕለት ቤታቸው ገብተው እህል አልቀመሱም።

ገብሱ ታጨደ፣ ተከመረ፣ ተወቃ። መርዶው እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንዲሆን ቀጠሮ ተያዘ። ዘመድ ከስማዳ ጉዞ ጀመረ። የቀረችው አንዲት ዓርብ ነበረች።

በዚያች ዓርብ ወይዘሮ ታንጉት ገበያ ወጥተው ጨው ሲገዙ፣ አንድ የነፋስ መውጫ ጨው ነጋዴ አያቸው። እሱም ባለ ሬዲዮ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያላወቀ ሰው ነው። «እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት። የልጅዎን ሰምተን በጣም አዘንን» አላቸው።

አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው እናት «የቱን ልጄን?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ይርዳው ያን ጊዜ ሾላው ሥር ቆመው ነበር። በባሕሩ ስላለቁት እናቶችና ልጆች ሲናገሩ ድምፃቸው ሰልሎ፣ ሰዉም ከንፈሩን እየመጠጠ ነበር። ወይዘሮ ታንጉት በሕዝቡ መካከል አልፈው መጡ። አልጮኹም። «ይርዳው» አሉ፤ አበልጄ አላሉም። «የሩቁን ሙት ሁሉ አሰማኸኝ። ወንዙን ለማላውቀው፣ ቋንቋውን ለማልሰማው ሁሉ እዚህ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። የኔን ሙት ለማን ነው ያስቀመጥከው?»

ያ ከማዶ ማዶ ይሰማ የነበረ ሰው አንዲት ቃል አጣ። ወይዘሮ ታንጉት ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና ከዚያ በኋላ ጮኹ። የቀለመ ወርቅ ለቅሶ ከጨው ከረጢትና ከተጫነ አህያ መካከል ተለቀሰ። የሚይዛቸው ወንድም ገና መንገድ ላይ ነበር።

ከአርባው በኋላ አቶ ይርዳው በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ ካህናቱን አስቀድመው ከወይዘሮ ታንጉት ደጅ ወደቁ። ወይዘሮ ታንጉት ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱላቸው፤ «ይቅር ብያለሁ፣ ከይቅርታ ሌላ ምን አለኝ» አሉ። ግን ከዚያ ወዲያ የአቶ ይርዳውን ደጅ አልረገጡም። ሌላም ነገር ነበር። ልጃቸው የት እንደተቀበረ፣ ማን እንደቀበረው ሊነግራቸው የሚመጣውን ሁሉ በእጃቸው ይመልሱት ነበር። «ከአፉ መስማት የነበረብኝ ሰው ነበር። እሱ ካልነገረኝ ሌላ አልሰማም» ይላሉ። እሱን ግን ጠርተው አልጠየቁም። አቶ ይርዳውም ደፍረው አልሄዱም። ሁለቱም በየበኩላቸው ጠበቁ።

አቶ ይርዳው ከዚያች ዓርብ በኋላ ሾላው ሥር አልቆሙም። ሬዲዮውን ለልጃቸው ለአቶ ወልደማርያም ሰጡ። መንገድ ላይ ሰው ስለ ዓለም ሲጠይቃቸው «እኔን አትጠይቁኝ» ይሉ ነበር። በሬዎቻቸው ግን እንደ ወትሮው የወይዘሮ ታንጉትን ማሳ ያርሱ ነበር፤ ወይዘሮ ታንጉትም ለገበሬው ምሳ አስቀምጠው ይገባሉ። እንዲህ እየሆነ ሁለተኛው ክረምት ደረሰ።

በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አቶ ይርዳው ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ጸበሉም ተሞከረ፣ ሥሩም ተቀቀለ። አልሻል ቢላቸው በጥቅምት በቃሬዛ መካነ ኢየሱስ ልጃቸው ወይዘሮ ውባለም ዘንድ፣ ከዚያም በመኪና ደብረ ታቦር ተወሰዱ። ሐኪሙ ልጆቹን ለብቻ ጠርቶ ሕመሙ ጉበት ላይ እንደሆነና መድኃኒት እንደሌለው ነገራቸው። ልጆቹም ለአባታቸው፣ «ጉበትዎ ትንሽ ተቆጥቷል፤ ለፋሲካ ይነሣሉ» አሏቸው። ልጅ አባቱን ተስፋ ሊያስቆርጥ አይችልምና አንፈርድባቸውም።

አቶ ይርዳው አመኑ። ቤታቸው ተመልሰው ለመጪው ክረምት በሬ መግዛት ያስቡ ጀመር። ንስሐቸውን ለዐቢይ ጾም ቀጠሩ። መምሬ ተክለ ሃይማኖት ሥጋ ወደሙ ሳይቀበሉ እንዳያመልጧቸው ፈርተው፣ ልጆቹን ደግሞ አፍረው፣ ወጥተው ይገባሉ። ሥጋው በየቀኑ ያልቃል። ማን ይናገር? ሁሉም አንዱ አንዱን ያያል።

ይህን ወይዘሮ ታንጉት ሰሙ። በጥር፣ የአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል አጥሩን ተሻግረው መጡ። ወይዘሮ ወለላ ደጃፉ ላይ ሲያዩዋቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወለላ፣ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጪልኝ» ብለው ገቡና ከመደቡ ሥር ተቀመጡ።

«ይርዳው፣ አይዞህ ልል አልመጣሁም። ሐኪሙ አይድንም ብሏል። ልጆችህ ስለሚወዱህ ደብቀውሃል፤ እኔንም ያኔ ስለምትወዱኝ ነበር የደበቃችሁኝ። የተደበቀ ነገር ከየት እንደሚመታ ግን እኔ አውቀዋለሁ። አንተን በገበያ መካከል እንዳያገኝህ ብዬ መጣሁ» አሉ።

አቶ ይርዳው ፊታቸውን ወደ እሳቸው መለሱ። ከዚያ «ለንስሐ የሚበቃ ጊዜ አለኝ?» ብለው ጠየቁ።

«ለንስሐ አለህ። ለበሬ ግዢ አትድከም።»

አቶ ይርዳው ሣቁ ይላሉ ወይዘሮ ወለላ፤ ከሣቁም በኋላ አለቀሱ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አበልጄ» አሉ።

ወይዘሮ ታንጉትም መደቡን በእጃቸው ያዝ አድርገው፣ «እንግዲህ በተራህ ንገረኝ። ሌላ ቀን የለንም» አሉ።

ያን ጊዜ ነው እኛም ያላወቅነው ነገር የወጣው። አቶ ይርዳው በ1963 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ለንግድ እንደሚሄዱ ነግረውን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ልጁ እስከ ሞተበት ቆላ ድረስ ወርደው ነበር። የልጁን ባልንጀሮች አግኝተው፣ ያስታመሙትን ጠይቀው፣ መቃብሩ ላይ ቆመው ተመልሰዋል። ያንን ሁሉ ይዘው ሁለት ዓመት ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ቃሉ የእናትየው ነውና ለማንም አልሰጡትም። አሁን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯቸው። ትኩሳቱ በምን ቀን እንደያዘው፣ ባልንጀሮቹ በተራ ተሸክመው ወደ ደጅ ያወጡት እንደነበር፣ ማን ውኃ እንዳጠጣው፣ የተቀበረበት ገብርኤል ከፊቱ ወንዝ እንዳለው፣ ባልንጀሮቹ በእናቱ ቤት እንዳለ ሁሉ አርባውን እንዳወጡለት። ወይዘሮ ወለላ ከበሩ ውጪ ቆመው ነበር። ባላቸው ሲናገሩ ከመንደር ማዶ ይሰማ እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ፤ ያን ዕለት ግን አንድ ቃል እንኳ ከቤት አልወጣም። የሰሙት የወይዘሮ ታንጉትን «እሺ… እሺ…» ብቻ ነው። ይህንንም ሁሉ በኋላ የነገሩን ራሳቸው ወይዘሮ ታንጉት ናቸው። ከዚያ ሁለቱ ቀስ ብለው አለቀሱ፤ ሦስተኛ ሰው አልገባባቸውም።

በማግስቱ አቶ ይርዳው መምሬ ተክለ ሃይማኖትን ራሳቸው አስጠርተው ንስሐ ገቡ፤ ሥጋ ወደሙም ተቀበሉ። ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ጠርተው መረቁ፤ «የደበቃችሁኝ ለፍቅር ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ለልጆቻችሁ ግን አታውርሱት» አሏቸው። ወይዘሮ ታንጉት በየቀኑ እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር።

አቶ ይርዳው ባዩ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው የካቲት 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕለት፣ ሚስታቸውና አበልጃቸው ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

መካነ ኢየሱስ ላለችው ልጃቸው ለወይዘሮ ውባለም ማን መርዶ ይሂድ ሲባል፣ «አራስ ናት፤ ትቆይ» ያሉ ነበሩ። ወይዘሮ ታንጉት ግን ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መንገዱን ገሰገሱት፤ ጎሕ ሲቀድ በሩን መቱ። ልጅቱ ከፍታ ሳትጠይቃቸው በፊት እቅፍ አድርገው ያዟት፤ ከዚያ በኋላ ነገሯት። ዛሬ እዚህ ሕፃኗን ታቅፋ የቆመችው በእሳቸው ትከሻ ተደግፋ ነው።

አቶ ይርዳው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለላ አድማሱን፣ ልጆቻቸውን ወይዘሮ ዓለምጸሐይን፣ አቶ ወልደማርያምንና ወይዘሮ ውባለምን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ከሥጋ ዘመድ ሳንለይ የምንጠራቸውን አበልጃቸውን ወይዘሮ ታንጉት ማሞን ትተውልን ሄደዋል።

ወገኖቼ፣ ደክማችሁ ስለሰማችሁን፣ አልቅሳችሁም ስላስለቀሳችሁን እግዚአብሔር የሐዘን እግር ከደጃችሁ ያርቅ። ለወንድማችን ለአቶ ይርዳውና ቀድሞ ለሄደው ልጃቸው ለቀለመ ወርቅ የቤተ ልሔም ጌታ ማረፊያቸውን በአንድ ያድርግላቸው፤ መርዶ ከማይደርስበት አገር ያኑራቸው። አሜን።